የኤርፉርቱ መምህርና በመጋረጃ የተሸፈነው ሥዕል

በጀርመን አገር ቱሪንገን በሚባለው አውራጃ ኤርፉርት የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ማርቲን ሉተር በወጣትነቱ የተማረባትና የመነኮሰባት ከተማ ናት። አማርኛ የሚያነብ ሰው ደግሞ እርስዋን የሚያስብበት ሌላ ምክንያት አለው። የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ዓ.ም. አሳትሞ ያወጣው ሂዮብ ሉዶልፍ የተወለደው በዚህች ከተማ በ1624 ዓ.ም. ነው፤ አማርኛን ያስተማረውም ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሉዶልፍ የሊቅነቱን ስም አገኘ፤ ያለ አባ ጎርጎርዮስ ግን አማርኛን ከማን ይማር ነበር?

ስለ መምህርና ስለ ደቀ መዝሙር እንዲህ ያለ ጥያቄ በኤርፉርት ሌላ ጊዜም ተነሥቷል። ዮሐን ክርስቲያን ኪተል በ1732 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ተወለደ፤ በ1809 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ሞተ። ሥራው በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መምታትና ደቀ መዛሙርትን ማስተማር ነበረ። የደረሳቸው ዜማዎች ዛሬ እምብዛም አይሰሙም። የሙዚቃን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስሙን ሲያነሡ፥ የታላቁ የባኽ ደቀ መዝሙር እንደ ነበረና ሌሎችን እንዳስተማረ ብቻ ተናግረው ያልፋሉ። በእነርሱ ዓይን ኪተል እንደ ቦይ ነው። ውኃው ከምንጭ ይመጣል፤ እርሻውም ይለመልማል፤ ቦዩን ግን ማንም አያመሰግነውም። ይህ ፍርድ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነም የሰውየው ታሪክ ራሱ ያስረዳል።

ታሪኩ በደኅና እንዲገባ አስቀድሞ ኦርጋን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት የሚገኘው ትልቁ ኦርጋን ቁመቱ ከቤት ሊበልጥ ይችላል። ከቆርቆሮና ከእርሳስ፥ ወይም ከእንጨት የተሠሩ ብዙ መቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ሺህ ቧንቧዎች አሉት። አንዱ ቧንቧ እንደ ጣት ያነሰ ነው፤ ሌላው ከሰው ቁመት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይረዝማል። እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ፥ ነገር ግን እጅግ የሚበልጥ ወናፍ ነፋስን ይሰበስባል። የኤሌክትሪክ ኃይል ከመምጣቱ በፊት ይህን ወናፍ እየረገጡ የሚነፉ ሰዎች ነበሩ፤ እነዚህ ሰዎች ከደከሙ ኦርጋኑም ዝም ይላል። መቺው በጣቱ መምቻዎቹን ሲጫን ነፋሱ ወደ ተመረጠው ቧንቧ ገብቶ ድምፅ ይሰጣል። ከመቀመጫው በታች ደግሞ በእግር የሚረገጡ ሌሎች መምቻዎች አሉ። ስለዚህ ኦርጋን መቺ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ሦስት ወይም አራት ዜማ ባንድ ጊዜ ያሰማል፤ አንዱም ዜማ ሌላውን ሊያደናቅፍ አይገባውም። ይህን ለመማር ዓመታት ያስፈልጋሉ። ከመጽሐፍ ብቻም አይገኝም፤ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ማየትና መስማት ግድ ነው።

ኪተል ብዙ ዘመን ያገለገለበት ቤተ ክርስቲያን የሰባክያን ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ይህን ስም ያገኘው ቀድሞ የሰባክያን ማኅበር የተባሉ መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረ ነው። በዚያ ኦርጋን ፊት ከ1678 እስከ 1690 ዓ.ም. የተቀመጠው ዮሐን ፓኽልቤል ነበረ፤ የእርሱ ዜማ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሰማል። ፓኽልቤል በኤርፉርት ሳለ ካስተማራቸው ወጣቶች አንዱ ዮሐን ክሪስቶፍ ባኽ ይባል ነበር። ይህም ወጣት ትምህርቱን ፈጽሞ ኦርድሩፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦርጋን መቺ ሆነ።

ዮሐን ክሪስቶፍ በ1685 ዓ.ም. የተወለደ ዮሐን ሰባስቲያን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ ዓመት ሳይሞላም አባቱ ተከተላት። ታላቅ ወንድሙ ወላጅ የሌለውን ልጅ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ከፓኽልቤል የተማረውንም ያስተምረው ጀመር። በቤቱ የፓኽልቤልና የሌሎች ታላላቅ መቺዎች ዜማ የተጻፈበት አንድ መጽሐፍ ነበረ። ልጁ ይህን መጽሐፍ እንዲሰጠው ደጋግሞ ለመነ፤ ወንድሙ ግን ከለከለው፤ ፍርግርግ በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥም ቆለፈበት። መጽሐፉ በወረቀት ብቻ የተሸፈነ ስለ ነበረ ልጁ ትንንሽ እጆቹን በፍርግርጉ አስገብቶ፥ መጽሐፉን ጠቅልሎ እያወጣ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ይገለብጠው ነበር። መብራት አልነበረውምና በጨረቃ ብርሃን ጻፈ። ሥራው ስድስት ወር ፈጀ። በመጨረሻም ወንድሙ ነገሩን ደረሰበትና የተገለበጠውን ሁሉ ነጠቀው። ይህን ታሪክ የተናገሩት፥ ዮሐን ሰባስቲያን ከሞተ በኋላ ልጁና ደቀ መዝሙሩ ናቸው፤ ቃላቸውም በ1754 ዓ.ም. ታትሟል።

ታላቅ ወንድሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድሀ አደጉን አሳድጎታል፤ አስተምሮታልም። ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ተሳስቷል። አንድ ልጅ ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፉን ትቶ የጻፈውን ወረቀት መንጠቅ ትጋትን መቅጣት ነው። ልጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ በሣጥኑ ተቀምጦ ይቀር ነበር፤ እርሱም ሳይቀጣ ይኖር ነበር። የተቆለፈው መጽሐፍ ታሪክ እዚህ የገባው በኋላ ከሚመጣው ከተሸፈነው ሥዕል ጋር እንዲነጻጸር ነው።

ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ አድጎ በዘመኑ ከነበሩት ኦርጋን መቺዎች ሁሉ በላይ ሆነ። ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ በላይፕሲግ ከተማ በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዝሙር መምህር ነበረ። ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሌላ ከሩቅ የሚመጡ ብዙ ወጣቶችን በቤቱ ያስተምር ነበር። ስለ አስተማሪነቱ የተጻፈው ቃል ደስ ያሰኛል። ለጀማሪዎች ጣቶቻቸው እስኪጠኑ ድረስ ብዙ ወር ልዩ ልዩ የጣት ልምምድ ይሰጣቸዋል፤ ሲሰለቹ ባየ ጊዜ ግን እዚያው ተቀምጦ ልምምዱ በውስጡ ያለበት ትንሽ ውብ ዜማ ይጽፍላቸው ነበር። ጌርበር የተባለ አንድ ደቀ መዝሙር ደግሞ ለልጁ እንደ ተረከለት፥ ባኽ ማስተማር ያልፈለገ መስሎ መሣሪያው ፊት ይቀመጥና ትልቁን የልምምድ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ እየመታ ያሰማው ነበር። ይህንንም ሦስት ጊዜ አደረገለት። ጌርበር እነዚያን ሰዓታት ከሕይወቱ ሁሉ ደስተኛ ሰዓታት አድርጎ ይቈጥራቸው ነበር።

በ1748 ዓ.ም. የ16 ዓመቱ ኪተል ከኤርፉርት ተነሥቶ ወደዚህ ሰው መጣ። አስቀድሞ በከተማው የሰባክያን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ከነበረው ከያዕቆብ አድሉንግ ተምሮ ነበር። ባኽ በዚያ ጊዜ ሸምግሎ ነበር፤ ዓይኑም እየደከመ ሄደ። ኪተልም ከመጨረሻዎቹ ደቀ መዛሙርቱ አንዱ ሆነ። ባኽ የእሑዱን መዝሙር ከዘማሪዎቹ ጋር ሲለማመድ፥ ከተማሪዎቹ የተሻለው ፒያኖ ከመስፋፋቱ በፊት በነበረ ባለ አውታር መሣሪያ ያጅብ ነበር። ኪተል በሽምግልናው ሲያስታውስ እንደ ጻፈው፥ አጃቢው ድምፁን ያሳነሰና ያቀለለ እንደ ሆነ ወዮለት! ድንገት የመምህሩ እጆች ከኋላ መጥተው በልጁ እጆች መካከል ይገባሉ፤ ልጁን ከቦታው ሳያስነሡትም የጐደለውን ሁሉ በብዙ ድምፅ ይሞሉታል። ልጁን ያስደነግጠው የነበረው የቍጡው መምህር ድንገት አጠገቡ መቆም ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀው ከእነዚያ እጆች የሚወጣው የድምፅ ብዛት ነበረ።

እነዚያን እጆች ኪተል እስከ ሽምግልናው አልረሳቸውም። መምህሩ ያልቻለውን ልጅ ከወንበሩ ማስነሣት፥ በእርሱም ፈንታ መቀመጥ ይችል ነበር። ይህን አላደረገም። ልጁ እንደ ተቀመጠ፥ የራሱ ጣቶችም በመምቻው ላይ እንዳሉ፥ ሙላቱ ምን እንደሚመስል አሳየው። ልጁም የጐደለውን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በእጁም መካከል አገኘው።

በ1750 ዓ.ም. የባኽ ዓይን ሁለት ጊዜ በሐኪም ተቀደደ፤ ነገር ግን አልዳነም፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሞተ። ኪተል 18 ዓመቱ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ላንገንሳልሳ በምትባል ከተማ ኦርጋን መቺና መምህር ሆነ። በ1756 ዓ.ም. ወደ ተወለደባት ወደ ኤርፉርት ተመለሰ፤ በ1762 ዓ.ም. አድሉንግ ሲሞት የቀድሞ መምህሩን ቦታ በሰባክያን ቤተ ክርስቲያን ያዘ። ከፓኽልቤል ተነሥቶ በታላቅ ወንድም በኩል ወደ ድሀ አደጉ ልጅ፥ ከድሀ አደጉም ወደ ኪተል የደረሰው ጥበብ ከ70 ዓመት በላይ ዞሮ ወደ ተነሣበት ቤተ ክርስቲያን ገባ። ማንም አስቦ ያደረገው ነገር አይደለም። ኪተልም በዚያ ስፍራ 47 ዓመት ቆየ።

በዚያ ዘመን የባኽ የኦርጋን ዜማዎች አብዛኞቹ አልታተሙም ነበር። በእጅ ጽሑፍ ብቻ ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፍም ይቃጠላል፥ ይበሰብሳል፥ ለዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። የሰውም ሁሉ ጆሮ ወደ አዲስ ዓይነት ዜማ ዘንብሎ ስለ ነበረ፥ የሽማግሌው የባኽ ሥራ ያረጀና የከበደ ነው ይባል ነበር። በዚህ ጊዜ ኪተል በኤርፉርት ተቀምጦ የመምህሩን ዜማዎች ገለበጠ፤ ደቀ መዛሙርቱም እንዲገለብጡ ሰጣቸው። ዛሬ የባኽን የኦርጋን ሥራ የሚያሳትሙ ሊቃውንት ከሚመረምሯቸው ጽሑፎች መካከል በኪተልና በደቀ መዛሙርቱ እጅ የተጻፉት ይገኛሉ። በኦርድሩፍ መጽሐፉ ተቆልፎበት የነበረው ልጅ፥ እርሱ ራሱ የጻፈው በኤርፉርት ለሚፈልግ ተማሪ ሁሉ ተከፈተ።

ስለ ሥዕሉ የሚነገረው እንደዚህ ነው። ኪተል የመምህሩን የባኽን መልክ የሚያሳይ ሥዕል ነበረው፤ ከሚያስተምርበት መሣሪያ በላይ ሰቅሎ በመጋረጃ ሸፍኖት ነበር። ደቀ መዝሙር በትጋት ሠርቶ የመጣ እንደ ሆነ፥ ኪተል መጋረጃውን ገልጦ የባኽን ፊት እንዲያይ ይፈቅድለታል። ሳይተጋ ለመጣው ግን መጋረጃው ሳይገለጥ ይቀራል። ሽልማቱ ይህ ብቻ ነበረ።

በዚህ ነገር የሚስቅ ሰው ይኖራል። ሥዕል ማየት ምን ይጠቅማል? ገንዘብ አይሆን፥ አይበላ፥ ወደ ቤት ተይዞ አይሄድ ይላል። ሌላው ደግሞ የበለጠ ከባድ ነገር ያነሣል፤ መጋረጃው ያልተገለጠለት ልጅ አዝኖ ይሄዳል፥ ተስፋም ይቈርጣል ይላል። የፊተኛው ነቀፋ ቀላል ነው። ሽልማቱ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ተማሪው ገንዘቡን አጥፍቶ ይረሳው ነበር። የባኽን ፊት ያየ ልጅ ግን የሚመታው ዜማ ከሰማይ እንዳልወረደ፥ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ኪተል፥ ከኪተልም እጅ ወደ እርሱ እንደ መጣ ያውቃል። ከማን እንደ ተቀበለ የሚያውቅ ሰው የተቀበለውን አያቃልልም።

የሁለተኛው ነቀፋ ግን በቀላሉ አይመለስም። ሕፃንን ማሳፈር ጥበብ አይደለም፤ መጋረጃም በክፉ መምህር እጅ ዱላ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ኪተል የሚጠይቀው ትጋትን ነበረ እንጂ ተሰጥኦን አልነበረም። ተሰጥኦ ለሁሉ እኩል አልታደለም፤ መትጋት ግን ለሁሉ ይቻላል። ዛሬ የተሸፈነው ሥዕል በሚመጣው ትምህርት ሊገለጥ ይችላል፤ ገመዱም በመምህሩ እጅ ቢሆንም ምክንያቱ በተማሪው እጅ ነው። የኦርድሩፉን ቁም ሣጥን ማስታወስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ልጁ በተጋ ጊዜ ሥራው ተነጠቀ፤ በኤርፉርት ልጁ በተጋ ጊዜ መጋረጃው ተነሣ። ሁለቱም መምህራን አንድ ነገር ሰውረዋል፤ መሰወራቸው ግን አንድ አይደለም።

ስለ ኪተል ደቀ መዛሙርት ሁሉ መልካም ብቻ ተነገረ ማለት አይቻልም። ዮሐን ቪልሄልም ሄስለር የተባለ የሥጋ ዘመዱ ከእርሱ ተምሮ ነበር። ሄስለር በአባቱ ሙያ ባርኔጣ እየሠራ፥ ደግሞም በየከተማው ኦርጋንና ፒያኖ እየመታ የሚዞር ሰው ነበረ። በ1789 ዓ.ም. በድሬስደን ከተማ ከሞዛርት ጋር በኦርጋን ተወዳደረ። ሞዛርትም ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ፥ ይህ ሰው የሽማግሌውን የባኽን ስልት በቃሉ አጥንቶ የያዘ ብቻ ነው፤ ራሱ ግን አጥብቆ መሥራት አይችልም ብሎ ናቀው። እንግዲህ ቦዩን የሚንቁ ሰዎች ይህን ምስክር ሊጠሩ ይችላሉ።

ሞዛርት ስለ ሄስለር የተናገረው ምናልባት እውነት ነው። በቃል መያዝና መረዳት ሁለት ነገር ናቸው፤ ከመልካም መምህር የተማረ ሁሉም መልካም አይወጣለትም። ነገር ግን ያው ሞዛርት ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ላይፕሲግ ሄደ። የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዝሙር መሪ የነበረው ዶለስ፥ እርሱም የባኽ ደቀ መዝሙር፥ ልጆቹን የባኽን መዝሙር እንዲዘምሩ አደረገ። ሞዛርት ሲሰማ ደነገጠ፤ ከዚህ ገና የሚማሩት ነገር አለ አለ። ሙሉው ጽሑፍ አልነበረምና የእያንዳንዱ ድምፅ ወረቀት ቀረበለት፤ በእጁና በጕልበቱ ላይ፥ በአጠገቡም ባሉት ወንበሮች ላይ ዘርግቶ ሁሉን መርምሮ እስኪጨርስ ድረስ አልተነሣም ተብሎ ተጽፏል። እነዚያን ወረቀቶች ለ39 ዓመት ያቆዩዋቸው እነማን ናቸው? የትምህርት ቤት ልጆችና ስማቸው በአንድ መስመር የሚታለፍ መምህራን ናቸው። ሞዛርት በአንድ ሳምንት አንዱን ደቀ መዝሙር ናቀ፤ በሌላው ሳምንት ከሌላው ደቀ መዝሙር እጅ ጠጣ።

ኪተል በ68 ዓመቱ ወደ ሰሜን ጀርመን ወደ ሃምቡርግ ተጓዘ፤ በዚያም ወገን ለሽሌስቪግና ለሆልሽታይን አብያተ ክርስቲያናት የሚሆን የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በ1803 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያም ወደ ኤርፉርት ተመልሶ በሦስት ክፍል የወጣውን የጀማሪ ኦርጋን መቺ መማሪያ መጽሐፉን ፈጸመ። የመጀመሪያው ክፍል በ1801፥ ሦስተኛው በ1808 ዓ.ም. ወጣ። መጽሐፉ የሚያስተምረው ደረቅ ሕግ በመደርደር ሳይሆን በምሳሌ ነው። ሐሳቡም ኦርጋን መቺ የጣቱን ፍጥነት ለማሳየት እንዳልተቀመጠ ነው፤ ሕዝቡ ሊዘምር ያለው መዝሙር የኀዘን ወይም የደስታ መሆኑን አስቀድሞ ተረድቶ፥ ልባቸውን ወደዚያ ማዘጋጀት አለበት። ስለ ባኽ እጆች የተነገረውም ታሪክ የሚገኘው በዚሁ መጽሐፍ በመጨረሻው ክፍል ነው። ስድሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ያን ትዝታ ለማያውቃቸው ተማሪዎች ጻፈላቸው።

መጽሐፉ በተፈጸመበት በ1808 ዓ.ም. ናፖሌዎንና የሩስያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንድር በኤርፉርት ተገናኙ፤ ብዙ የጀርመን ነገሥታትና መሳፍንትም ተሰበሰቡ። ከተማው በሠረገላና በወታደር ተሞላ። ኪተል በዚያን ጊዜ 76 ዓመቱ ነበረ። የኦርጋን መቺ ደመወዝ ትንሽ ነውና በድህነት ይኖር ነበር፤ ዳልበርግ የተባለ መስፍን በመጨረሻ ዘመኑ ጥቂት ጡረታ ሰጥቶታል። ይህ ለዚያች ከተማ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። 47 ዓመት ያገለገለ ሰው በሽምግልናው በመስፍን ቸርነት እንዲኖር መተው የቤተ ክርስቲያኑና የከተማው ዕዳ ነበረ፤ የአንድ መስፍን ምጽዋትም ይህን ዕዳ አይከፍለውም። መምህርን በቃል ማክበርና በእንጀራ ማክበር የተለያዩ ናቸው።

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ዮሐን ክርስቲያን ሃይንሪኽ ሪንክ ነበረ። በ1770 ዓ.ም. ተወለደ፤ በ1786 ዓ.ም. ወደ ኪተል መጥቶ ሦስት ዓመት ተማረ። በኋላም በጊሰን፥ ከዚያም በዳርምሽታት ኦርጋን መቺና መምህር ሆነ። እርሱም እንደ መምህሩ በእጅ የተጻፉ ዜማዎችን የሚሰበስብና የሚያስቀምጥ ሰው ነበረ። በ1846 ዓ.ም. ሲሞት ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተወ። በ1852 ዓ.ም. ሎዌል ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ የመዝሙር መምህር ገዝቶ ባሕር አሻገረው፤ ሜሰንም ከሞተ በኋላ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ ክምችት ውስጥ ኖይማይስተር የተባለ ሌላ ኦርጋን መቺ የገለበጠው አንድ ጥራዝ ነበረ። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ልብ ሳይለው ተቀመጠ። በ1984 ዓ.ም. ሊቃውንት ሲመረምሩት ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በወጣትነቱ የጻፋቸውን፥ እስከዚያ ጊዜ የማይታወቁ ሠላሳ ያህል የኦርጋን ዜማዎች በውስጡ አገኙ። ጥራዙን የገለበጠው ኪተል አልነበረም፤ ያቆየው ግን እርሱ ያስተማረው ልጅ ነው፤ አሮጌ ወረቀት እንደማይጣልም ያወቀ ሰው ነበረ። ዓለም እነዚያን ዜማዎች የሰማው ባኽ በሞተ በ234 ዓመት ነው።

ኪተል በ1809 ዓ.ም. ሞተ። እንደሚነገረው የባኽ ሥዕል እንደ ፈቃዱ ከቤቱ ወጥቶ በሰባክያን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ ተሰቀለ፤ በኋላም በጦርነቱ ዘመን ጠፋ። በኦርጋኑ ፊት በኪተል ፈንታ የተቀመጠው ሚካኤል ጎትሃርድ ፊሸር ነበረ። እርሱም ከኪተል ተምሮ ነበር፤ በ1829 ዓ.ም. እስኪሞትም ድረስ በኤርፉርት መታ፤ አስተማረም።